በሲሚንቶ የተደፈነው ቀዳዳ

ይህን የምጽፈው ሰው እንዲደነግጥልኝ አይደለም። የሆነ ነገር ነው። ዓይኔ እያየ የሆነ።

ውሸት ነው የምትሉ ከአሁኑ እለፉት። የማያምነኝ ሰው መሥሪያ ቤት ውስጥ በበቂ ሁኔታ አለልኝ።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ። ጨለማ የለ፣ ጭር ያለ መንገድ የለ፣ ምንም የለ።

ሥራዬ ግድብ መጠበቅ ነው። የመስኖ ግድብ፣ በአፈር የተሠራ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጀርባው እወርድና ከሥሩ የሚወጣውን ውኃ በብርጭቆ ቀድቼ አያለሁ።

የአፈር ግድብ ትንሽ ውኃ ማሳለፉ አይቀርም። ውኃው ኩልል ብሎ ከጠራ ችግር የለም። ከደፈረሰ ግን ግድቡን ከውስጥ እየበላው ነው ማለት ነው። ይኸው ነው የሥራው ትምህርት።

የዚያን ቀን በብርጭቆው ውስጥ ያየሁት ውኃ ድፍርስ ነበር።

የሚወጣው ጡጫ ከምታክል ቀዳዳ ነው። ትናንት አልነበረችም። ጎንበስ ብዬ እጄን አስጠጋሁ...

ውኃው ይሞቃል።

ፀሐይ ያሞቀው አይደለም። ከዚያ ሁሉ አፈር ሥር የሚወጣ ውኃ ይቀዘቅዛል እንጂ አይሞቅም። ይኼ ግን ሰው አፉ ውስጥ ይዞ ያቆየው ነበር የሚመስለው።

ከግድቡ በታች፣ አራት መቶ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ አንድ ቤት አለ። የእህቴ ቤት ነው። ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖርበታለች። ግድቡ አንድ ቀን ቢናድ ለመጮህ እንኳ ጊዜ አያገኙም።

አለቃዬስ ማን መሰላችሁ? የእህቴ ባል!

"ጋሼ፣ ውኃው ደፍርሷል" አልኩት ቢሮው ገብቼ። "የውኃ መልቀቂያውን በር እንክፈትና ውኃውን እናጉድለው።"

"ጻፈው።"

"ግድቡ ላይ ስላለው ስንጥቅ ስድስት ጊዜ ጽፌ የለም እንዴ?"

"እንግዲያው ሰባተኛውን ጻፍ።"

የመልቀቂያው ቁልፍ መሳቢያው ውስጥ ነው። ከእጄ አንድ ክንድ አይርቅም።

"ደግሞ እኔ ራሴ ከሥሩ አይደል የምኖረው?" አለ ሳቅ ብሎ። "የሚያሰጋ ቢሆን ልጆቼን አስተኛበት ነበር?"

ተናድጄ ወጣሁ። ቤቴ እስክደርስ ብቻዬን ሳወራ ነበር።

በማግስቱ መፍትሔ ላከልኝ። "ዝምታው" የምንለውን ግንበኛ፣ ከግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር።

ልብ በሉ... እንዲህ ያለ ቀዳዳ አይደፈንም። አሸዋና ጠጠር ይደረብበታል። ውኃው ያልፋል፣ አፈሩ ይቀራል። ከደፈናችሁት ውኃው ውስጥ ለውስጥ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ይህን ለጠየቀኝ ሁሉ ነግሬያለሁ። ላልጠየቀኝም ነግሬያለሁ።

"ሲሚንቶ አይደለም፣ ጠጠር ነው የሚያስፈልገው" አልኩት።

"ድፈን ተብያለሁ" አለ ዝምታው።

ደፈነው። እጁን ታጥቦ ሄደ።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወረድኩ። ሲሚንቶው ላይ የእጅ መዳፍ ምልክት ነበር። አምስቱም ጣት።

መጀመሪያ የመጣልኝ ግንበኛውን መሳደብ ነው። እርጥብ ሲሚንቶ አይቶ እጁን ሳያሳርፍ የሚያልፍ ሰው የት አለ? ደውዬ ጠራሁት። መጣና ቁጢጥ ብሎ አየው።

"የኔ አይደለም" አለ በሹክሹክታ።

"ታዲያ የማን ነው?"

"በደንብ እየው። ሰው እጁን ሲጭንበት ሲሚንቶው ይጎደጉዳል።"

በደንብ አየሁት።

አልጎደጎደም። አብጧል። ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የተገፋው።

ዝምታው ተነሣ፤ ወደ ኋላው እያየ ሄደ።

ፎቶ አንሥቼ ወደ ቢሮ ሮጥኩ። የእህቴ ባል ስልኬን አራቀው፣ አቀረበው፣ መነጽሩን ገፋ አደረገ።

"ሥራው ንጹሕ አይደለም" አለ። "በድጋሚ ይለስነው።"

ይለስነው! እኔ የማወራው ሌላ፣ እሱ የሚያወራው ሌላ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያች ሰዓት ከመዳፉ ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ቀጥ ብዬ እህቴ ዘንድ ሄድኩ።

"እትዬ፣ ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ።"

"ድስት ጥጃለሁ እኮ፣ አንተ ልጅ።"

"አውርጂው።"

ፊቴን አይታ አወረደችው። ግድቡ ሥር ስንደርስ ተንበረከከችና መዳፏን በመዳፉ ላይ ለካችው። የሷ እጅ ይበልጣል።

"የሕፃን ነው" አለች። ከዚያ እጇን ቶሎ ሰበሰበች። "ይሞቃል..."

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ልጆቿንና ሁለት ሻንጣ ይዛ እኔ ቤት ነበረች። ለባሏ የላከችው መልእክት አጭር ነው። "ውኃው እስኪጎድል አልመለስም።"

የኔ ስድስት ደብዳቤ ያላደረገውን እሷ በአንድ መስመር አደረገችው። ሦስት ቀን ደረቅ ዳቦ ሲበላ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን የመልቀቂያውን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረው።

"ለአንድ ሳምንት ብቻ! ገበሬው ውኃ ጠማኝ ብሎ ሲመጣ አንተ ነህ የምታናግረው!"

ከዚያ ለስብሰባ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄደ። ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን ለእህቴ ላከላት።

ከፈትኩት። ውኃው ስድስት ቀን ሙሉ ሲፈስ ከረመ። ስድስት ቀን ሙሉ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

በሰባተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግድቡ አናት ላይ ሦስት ነበርን። ዝምታው ማንም ሳይጠራው ጠጠር ጭኖ መጥቷል። እህቴ የልጆቹን ደብተር ከቤቷ ልታወጣ ነው የመጣችው፤ ብቻዬን አልገባም ብላ እኔን ትጠብቃለች።

ውኃው ተሟጦ ጭቃው ብቻ ቀርቷል።

ጭቃው ላይ ዱካ ነበር...

የባዶ እግር ዱካ። የትልቅ ሰው አለ፣ የሕፃን አለ። ሁሉም የሚጀምረው ከመካከል፣ ውኃው ከሁሉ ይጠልቅ ከነበረበት ቦታ ነው። ከዳር ወደዚያ የሄደ ሰው የለም። ከዚያ የመጣ ብቻ ነው ያለው።

በዓይናችን ተከተልነው። ሁሉም ወደ ግድቡ ይመጣል። ከእግራችን በታች፣ በውኃው በኩል ባለው የግድቡ ፊት ላይ፣ አንዲት ቀዳዳ ዘንድ ሲደርስ ያበቃል።

ጡጫ የምታክል ቀዳዳ።

"ገብተዋል" አለ ዝምታው በሹክሹክታ።

"በየት ይገባሉ? እጅ እንኳ አያስገባም!"

"ገብተዋል ነው የምልህ።"

በግድቡ ጀርባ ተንሸራትቼ ወረድኩ። ሲሚንቶው እንዳለ ነው። ሣሩ ደረቅ ነው፣ የረገጠው የለም። ማንም አልወጣም። እፎይ ብዬ ተመልሼ ወጣሁ።

እህቴ ግን ግድቡን አይደለም የምታየው። ቤቷን ነው።

"ወንድሜ... ልብስ ማን አሰጣ?"

በግቢዋ ገመድ ላይ ከዳር እስከ ዳር ልብስ ተሰጥቷል። ሱሪ፣ ቀሚስ፣ የሕፃን ሸሚዝ። ሁሉም የጭቃ ቀለም አለው። ከሥሩ መሬቱ በውኃ ጠቁሯል።

"የኛ አይደለም" አለች። የቤቱ ቁልፍ እጇ ውስጥ ነበር። ቀዳዳውን ስንደፍንባቸው ሌላ መንገድ አግኝተዋል።

ያኔ ባሏን አየነው። ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ ከስብሰባው ተመልሶ፣ የግቢውን በር ገፋ አድርጎ ሲገባ። ልብሱ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ደስ ያለው መሰለኝ። ስልኩን አወጣና የእህቴ ስልክ ጮኸ።

"ለካ ተመልሰሽልኛል!" ድምፁ ለእኔም ይሰማኛል። "ልጆቹም መጥተዋል?"

"አትግባ!" አለች። "እባክህ፣ ወደዚያ ቤት አትግባ! እኔ ግድቡ ላይ ነኝ፣ ቀና በል!"

"ደግሞ ጀመራችሁ!" አለ። "በሩን እየከፈቱልኝ ነው እኮ።"

ዘጋው።

ቁልቁል ሮጥን። እየሮጥኩ በሩ ከውስጥ ሲከፈት አየሁ። የእህቴ ባል ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። ሕፃን ሊስም እንደፈለገ ሰው እጆቹን ዘረጋና ጎንበስ አለ።