ፌንጣ ያልዘለለው እንጨት

የጠሯት ለፊርማ ብቻ ነበር። «ሽማግሌው ከውሻቸው ጋር ሲሯሯጡ ወድቀው ሞቱ፤ አደጋ ነው፤ ፈርመሽ ትመለሻለሽ» አላት አለቃዋ በስልክ። መርማሪዋን ባልደረቦቿ ወንፊት ይሏታል፤ ዱቄቱን አሳልፋ ጠጠሩን ታስቀራለችና። ሳታይ መፈረም ደግሞ እርሟ ነው።

ሽማግሌው በገዛ ግቢያቸው ነጭ አንሶላ ለብሰው ተጋድመዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመሰናክል ሯጮችን ያሠለጠኑ ሰው፣ ስንቱን ልጅ ለሜዳሊያ ያበቁ ሰው፣ በደረጃቸው የሲሚንቶ ጠርዝ ተመትተው ቀሩ። ወይ ሰው መሆን! ወንፊት አንሶላውን ገልጣ አየች። ብዙ ሬሳ አይታለች። ወገቡ ላይ በተቀቀለ ጉበት ቁራሽ የተሞላ ቦርሳ የታጠቀ ሬሳ ግን አይታ አታውቅም። ቶሎ መልሳ ሸፈነቻቸው።

ጉበቱ ለፌንጣ የሚሰጥ ጉርሻ ነው። ፌንጣ የሰባት ወር ውሻ ነው፤ አሁን ከቧንቧው አጠገብ ታስሮ ይንቀጠቀጣል። አሥር ሰዓት ላይ የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ሊገድለው ተቀጥሯል። «ባሌን የገደለ ውሻ ቤቴ አያድርም» ብለዋል ሚስትየው፤ የሚከራከራቸውም አልተገኘም። ሰዓቱ ስምንት ሆኗል።

«እማማ፣ ሲያገኟቸው እንዴት ነበሩ?» አለች ወንፊት፣ አጠገባቸው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ።

«ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከገበያ ስመለስ እዚያ እንጨቱ ሥር ወድቆ አገኘሁት። ያ ርጉም ውሻ ነው የጠለፈው! አስዘልላለሁ ብሎ አብሮት ሲሮጥ። ስንቴ ነገርኩት፣ አንተ ሰው ዕድሜህን እየው ብዬ!»

«ውሻውስ የት ነበር?»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ምንጣፉ ላይ። ብጠራው፣ ብጎትተው አልነሳ አለኝ። ልጄ ከሥራ ስትደርስ ነው ያስነሳችው።»

ወንፊት ተነስታ ግቢውን ዞረች። ትንሽ ምንጣፍ፤ ውሻው እንዲዞረው የተደፋ ባልዲ፤ አራት እግሩን አስተካክሎ እንዲራመድበት መሬት ላይ የተጋደመ ሳንቃ። ከዚያ ወዲያ አራት መሰናክሎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ሁለት አጫጭር ምሰሶና አንድ ቀጭን እንጨት አለው። የሦስቱ እንጨት መሬት ላይ ተኝቷል። የአራተኛው፣ ከደረጃው አጠገብ ያለውና ሽማግሌው የወደቁበት፣ እስከ ጉልበት ከፍ ብሏል። ወንፊት ጎንበስ ብላ አየችው። ምሰሶዎቹ ፊትም ጀርባም እንጨት የሚያስደግፉ ሚስማሮች አሏቸው፤ ይኼኛው የተቀመጠው በጀርባ በኩል ነው። ከዚያ ወደ አጥሩ ሄደች።

ምሰሶዎቹን የሠራው ጎረቤቱ አናጢ ነው። በሚስትየው ጩኸት አጥር ዘሎ መጀመሪያ የደረሰውም እሱ።

«ከጋሼ ጋር በውሻው ጩኸት ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለችው።

«እኔ? ቀኑን ሙሉ እንጨት ስሰነጥቅ ሰፈሩን የማደነቁር ሰው፣ በየትኛው አፌ ነው ስለ ጩኸት የምከስ?» አለ አናጢው፤ ወዲያው ግን ፊቱ ጠቆረ። «እውነት ነው፣ አንድ ቀን ተጣላን። ታርቀንም እነዚህን በነጻ ሠራሁላቸው። እንዲህ እንደሚሆን ባውቅ እጄን በቆረጠው።»

«ጠዋት የሰማኸው ነገር አለ?»

«ሦስት ሰዓት ገደማ ‹ምንጣፍ!› ሲሉት ሰማሁ። ከዚያ ማሽኔን አስነሳሁ፤ እሱ ከተነሳ ዓለም ቢፈርስ አልሰማም። የእማማን ጩኸት የሰማሁት ሳጠፋው ነው።»

ልጃቸውን ያገኘቻት ከውስጥ ክፍል ነው፤ ቀኝ እግሯን ወንበር ላይ ዘርግታ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ጠዋቱን በሙሉ ከሦስት ባልደረቦቿ ጋር እንደነበረች ወንፊት በስልክ አጣርታለች። ልጅቷ ስትራመድ ታነክሳለች።

«ፌንጣን የገዛሁት እኔ ነኝ» አለች። «እኔ መዝለል ባልችል እንኳ የኔ የሆነ ነገር ሲዘል ልይ ብዬ።»

«እግርሽን ምን አገኘው?»

«አባዬ። ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ እንጨቱን ከፍ አደረገልኝ። አመመኝ ስለው ‹ቻይው› ይለኝ ነበር። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ጉልበቴ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ብቻ ነበር የምጠብቀው፤ ‹አጠፋሁ› እንዲለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ጠበቅሁ። ይባስ ብሎ በኔ ውሻ ሞተ። እኔ ነኝ የገደልኩት ማለት አይደል?»

ወንፊት ማጽናናት አትችልበትም። «አሥር ሰዓት ላይ ሐኪሙ ሲመጣ እዚሁ ትሆኛለሽ?» አለቻት።

«እይዘዋለሁ እንጂ። ብቻውንማ አይሞትም።»

«ከምንጣፉ እንዴት አስነሳሽው?»

«‹ደወል› ስለው ይነሳል። አባዬ ያው አስተማሪ አይደል፣ ተማሪ የሚፈታው በደወል ነው ይል ነበር። ሰው ሲመጣ ‹ምንጣፍ› ብሎ ይልከዋል፣ እንግዳ ላይ እንዳይንጠለጠል። ያችን ቃል ካልሰማ ሰማይ ቢወድቅ አይነሳም። ከእሱና ከኔ በቀር የሚያውቃት የለም።»

አራተኛው ሰው በረንዳው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር። ጥይት ይሉታል፤ በልጅነቱ ሲሮጥ ስለማይታይ። የሽማግሌው ተማሪ ነበር፤ ዛሬ በክለቡ ወንበራቸውን የወረሰ አሰልጣኝ ነው።

«አባቴ ነበር» አላት። «ጫማ የገዛልኝ፣ ሰው ያደረገኝ እሱ ነው።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየኻቸው መቼ ነው?»

«ወር ሆኖኛል። ሥራው መች ያፈናፍናል! ዛሬም ጠዋት ሜዳ ላይ ነበርኩ፤ ልጆቹን ለውድድር እያዘጋጀሁ።»

«ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ስምንት፣ ዘጠኝ። ብታያቸው ጉድ ትያለሽ፣ እንደ ሚዳቋ ነው የሚዘሉት።»

ወንፊት ወደ ሽማግሌው ጠረጴዛ ሄዳ ደብተራቸውን ገለጠች። በአስተማሪ እጅ፣ ቀን በቀን ተጽፏል። «ሳንቃው ላይ አራት እግሩን አስተካከለ። ጎበዝ። እንጨት፦ መሬት ላይ።» «ባልዲውን በግራ ዞረ። እንጨት፦ መሬት ላይ።» አምስት ወር ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳይዘለል፣ መሬት ላይ። የመጨረሻውን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ ደብተሩን ብብቷ ሥር አድርጋ ስልክ ደወለች።

አሥር ሰዓት ላይ ሐኪሙ ቦርሳውን ይዞ ገባ። ወንፊት ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች።

«ቦርሳህን ከመክፈትህ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ» አለችው። «የሰባት ወር ውሻ እንጨት ይዘላል?»

«ባለቤቱ ካልጠላው በቀር አያስዘልለውም። አጥንቱ ገና አልጠናም። እስከ ዓመት ከመንፈቅ መሬት ለመሬት ነው የሚሠራው። ጋሼ እኮ ይህን ከኔ በላይ ያውቃሉ፤ በየሳምንቱ እየመጡ ‹አጥንቱ እንዴት ነው?› ብለው ያደርቁኝ ነበር።»

ወንፊት ከመሬት አንድ እንጨት አንስታ ለሚስትየው ሰጠቻቸው። «ለመፈረም ቸኩያለሁ፤ ሁላችሁም በየተራ ይህን ምሰሶው ላይ ስቀሉልኝና ልሂድ» አለች፣ ዓይኗን ወደ ማንም ሳታዞር።

ሚስትየው በፊት በኩል ሚስማሮቹ ላይ አኖሩት። አናጢውም በፊት በኩል። ጥይት ተቀበለና፣ ሳያስብ፣ ዞሮ በጀርባ በኩል አስቀመጠው። ልጅቷም እያነከሰች ዞራ በጀርባ በኩል።

«ለምን ከኋላ?» አለቻት ወንፊት።

«እግር ሲነካው ወደፊት እንዲወድቅ ነዋ። ከፊት ካስቀመጥሽው ምሰሶው ይይዘውና ሯጩን ይጥለዋል። መጀመሪያ የምንማረው እሱን ነው።»

ወንፊት ራሷን ነቀነቀች፤ ፌንጣንም ከእስራቱ ፈታችው። «ምንጣፍ!» አለችው። ቡችላው ሮጦ ሄዶ ተኛ። «በሉ አስነሱልኝ።»

ሚስትየው ጠሩት። አናጢው አፏጨ። ጥይት «ና! ተነስ!» እያለ ጭኑን መታ። ፌንጣ ከአንዱ ወደ አንዱ እያየ ጅራቱን ከመወዝወዝ በቀር ንቅንቅ አላለም። ልጅቷ «ደወል» ስትለው ዘሎ እግሯ ሥር ገባ።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች ወንፊት፤ ድምጿ ደረቅ ነው፣ ዓይኗ ግን ቀልቷል። «ፌንጣ ጋሼን አልጠለፋቸውም። ሲወድቁ ምንጣፉ ላይ ነበር። የላኩትም ራሳቸው ናቸው፤ አናጢው ሰምቷል። ምንጣፍ ላይ የሚልኩት ደግሞ ሰው ሲመጣ ነው። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ላይ ሰው መጥቷል። ጋሼ ከወደቁ በኋላ ያ ሰው ሲያስዘልሉ የሞቱ ለማስመሰል እንጨቱን ሰቀለ። ጋሼ ግን አምስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ከፍ አድርገውት አያውቁም። የሰቀለው ሰው እጁ እንደለመደው ከኋላ ሰቀለው፤ የእሳቸው ተማሪ ነው ማለት ነው። እዚህ ያላችሁት ተማሪዎቻቸው ሁለት ናችሁ። አንዷ ሥራ ቦታ ነበረች፤ ብትኖርም ኖሮ ውሻዋን ምንጣፍ ላይ ትታው አትሄድም፣ ቃሉን ታውቀዋለች። ያኛው አያውቀውም።»

«እንጨት ስለሰቀልኩ ነፍሰ ገዳይ ልባል ነው?» ጥይት አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። «ወር ሆኖኛል አላልኩሽም?»

ወንፊት ደብተሩን ገለጠች። «የዛሬው ቀን ነው። ‹ጥይት ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል። ለሕፃናቱ እንጨቱን እንዲያወርድላቸው እለምነዋለሁ። እምቢ ካለ ለወላጆቻቸው እነግራለሁ።› ክለቡም ደውያለሁ። የሜዳው ዘበኛ ዛሬ የገባኸው አራት ሰዓት ላይ ነው አለኝ።»

ጥይት ደረጃው ላይ ተዘረፈጠ።

«መግደል አላሰብኩም» አለ። «ከሥራዬ ሊያስወጣኝ እኮ ነው! እኔ የማደርገው አንተ ያስተማርከኝን ነው አልኩት። አንዴ ነው የገፋሁት። አንዴ ብቻ። ተመልሼ ላነሳው ስል ዓይኑ…»

ሚስትየው እንደ እንጨት ደረቁ። አናጢው ዘወር ብሎ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ልጅቷ ግን እያነከሰች ሄዳ ጥይት ፊት ቆመች።

«ያስተማርከኝን ነው ስትለው ምን አለህ?»

«ተይኝ እባክሽ።»

«ምን አለህ?»

ጥይት ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «‹ልክ ነህ› አለኝ። ‹አጠፋሁ። የልጄን እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ። እሷን ዓይኗን አይቼ መናገር አቃተኝ፤ ቢያንስ ውሻዋን አልሰብርባትም። አንተ ግን የኔን ጥፋት አትድገመው› አለኝ።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ አመመኝ ያለችውን ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ። ሚስትየው ወደ ሐኪሙ ዞረው «ሂድ ልጄ፣ ቦርሳህን ይዘህ ሂድ» አሉት፤ ቀጥለውም ፌንጣን ለመጀመሪያ ጊዜ አቀፉት። ውጭ የፖሊስ መኪና ሲቆም ተሰማ። ወንፊት የጥይትን ክንድ ይዛ አስነሳችው።

«አንድ ደቂቃ» አለች ልጅቷ። «እባክሽ እህቴ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ።» ከዚያም አባቷን የገደለውን ሰው ቀና ብላ አየችው።

«ድገምልኝ» አለችው። «እሱ እንዳለው አድርገህ፣ ቀስ ብለህ ድገምልኝ።»