ወሬ በወሬ

አብዱልጀሊል በ1958 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የሶሲዮሎጂ ዲግሪውን ይዞ ከሚሴ ሲገባ ዘመድ ሁሉ እልል አለ። ሊያገባት የሚፈልጋት የመሪማ አባት ሐጂ ቃሲም ግን የከብት ነጋዴ ናቸውና ለጋብቻ የላካቸውን ሽማግሌዎች አንድ ነገር ጠየቁ።

«ሶሲዮሎጂ የምትሉት ይታረሳል ወይስ ይታለባል? ሥራ ይያዝና ይምጣ። እስከ አረፋ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ለልጄ ጠያቂ አላጣም።»

መሪማ ከጓዳ ሆና ሰምታ እንባዋ መጣ። ከእሱ ሌላ ወንድ ዓይኗ ገብቶ አያውቅም።

ደግነቱ አንድ የደሴ ከብት ላኪ፣ «ለበጋው ከብት ከየት እንደሚወርድ አጥንተህ ጻፍልኝ፤ ካሳመንከኝ እቀጥርሃለሁ» አለው። አብዱልጀሊልም ደብተሩን ይዞ በየሳምንቱ ሰንበቴ ገበያ ይወርድ ጀመር።

ሲወርድ የሚቀመጠው ታዲያ ፋጡሜ ከምትባል አፋር ቅቤ ሻጭ ዘንድ ነው። መሪማ አንድ ቀን ከአክስቷ ጋር ወርዳ በዓይኗ አየች። ፋጡሜ ታወራለች፣ እሱ ይጽፋል፣ ደግሞ ይሳሳቃሉ። ቅንጣት ቅቤ ሳይገዛ ግማሽ ቀን! ከዚያ ወዲያ መሪማ እህል አልወርድ አላት። በማግስቱ ደብተሩን ከእናቱ ቤት አንስታ ሳትገልጠው ቦርከና ወንዝ ጨመረችው።

«ላኪው በሚቀጥለው ማክሰኞ ይመጣል» አላት አብዱልጀሊል፣ ራሱን በእጁ ይዞ። «ደብተሩ ጠፋ፤ የሦስት ወር ድካሜ ነበር። አንቺንም አጣሁሽ ማለት ነው።»

መሪማ ያጠፋችውን ልትተካ በገበያው ቀን ብቻዋን ሰንበቴ ወርዳ፣ ስሟን ሳትናገር፣ ወረቀት ይዛ ፋጡሜ ፊት ተቀመጠች።

«አካም ቡልቴ» አለቻት ፋጡሜ በኦሮምኛ፣ እንዴት አደርሽ ስትል። ከዚያ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ግጦሽ የት እንደደረቀ፣ የማን ከብት ወዴት እንደተነዳ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት፤ መሪማም ጻፈች። «እኛ አንጽፍም፤ አንረሳምም። በዳጉ፣ በእኛ በአፋሮች የወሬ ልውውጥ ግን ወሬ በወሬ ነው። ወሬ የተቀበለ ወሬ ይሰጣል፤ መደበቅ ነውር ነው። ያ የከሚሴው ልጅ ዝናብ አያውቅ፣ ግጦሽ አያውቅ፤ ያለው ወሬ መሪማ ብቻ! መሪማ ስትቆጣ አፍንጫዋ ይቀላል፣ መሪማ ስትስቅ አፏን በሻሿ ትሸፍናለች… በሳቅ ይገድለኛል።»

ቀና ብላ አየቻት። «አፍንጫሽ ቀላ። ወላሂ፣ አንቺው ነሽ! በይ፣ ያንቺስ ወሬ?»

«ደብተሩን ወንዝ የጨመርኩት እኔ ነኝ» አለች መሪማ፣ አፈር ባረገኝ እያለች በልቧ።

«ይሄ የእሱ ወሬ ነው። ሂጂና ለእሱ ስጪው።»

ማታውን ወረቀቱን ሰጥታ ሁሉንም ነገረችው። አብዱልጀሊል ሲሰማ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«በፋጡሜ ቀንተሽ?»

«በፋጡሜ። አሁንም አልተወኝም።»

ሳቅ አመለጠው። «ማክሰኞ ቢቀጥረኝና ፋጡሜ ዘንድ ብመላለስስ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ኢንሻአላህ ይቀጥርሃል፤ ታገባኛለህም። ፋጡሜ ዘንድ የምቀመጠው ግን እኔ ነኝ።»

ከአረፋ በፊት ኒካህ ታሰረ። የደሴው ላኪም ሳያውቀው በአንድ ደመወዝ ሁለት ሠራተኛ አገኘ።