የአፊፋ ዓረብኛ

«አፊፋ፣ ከመግባታችን በፊት ለፈዲላ ንገሪልኝ» አለች መምህሯ ሚስ ካረን። «ውስጡ ይጨልማል። ሮኬቱ ሲነሳ በጣም ይጮኻል። ፊልም ብቻ ነው በያት። ከፈራች እጄን ትያዝ፣ ወዲያው እንወጣለን። እሺ?»

«እሺ፣ ሚስ» አለች አፊፋ።

የትምህርት ቤቱ ጂም መሀል ላይ በአየር የተነፋ ግራጫ ድንኳን እንደ ጉልላት ቆሟል። አየር የሚሞላው ማሽን ሳያቋርጥ ያጓራል። የዛሬው የስፔስና የቴክኖሎጂ ትምህርት እዚያ ድንኳን ውስጥ ነው፤ እንግሊዝኛ ገና የሚማሩት ልጆች እየተንበረከኩ በጠባቧ በር አንድ በአንድ ይገባሉ። ከአፊፋ ጎን የቆመችው ፈዲላ ከሱዳን ከመጣች ዘጠኝ ቀኗ ነው። ከዓረብኛ በቀር የምትሰማው ቋንቋ የለም። ዓይኖቿን አፊፋ አፍ ላይ ተክላ ትጠብቃለች።

አፊፋ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። ሚስ ካረን እንድታያት ፊቷን ኮስተር አድርጋ አንሾካሾከች።

«መዳር። ጃዚቢያ። ቀመር ሲናዒ።»

ኦርቢት፣ ግራቪቲ፣ ሳተላይት። ከቃላት ዝርዝሩ ላይ የሸመደደቻቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች ናቸው።

ፈዲላ ቅንድቧን ሰበሰበች። የሆነ ነገር ጠየቀች። አፊፋ አልገባትም። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ቤት ስድስት ወር ሙሉ ስታደርግ የኖረችውን አደረገች፤ ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«ጎበዝ!» አለች ሚስ ካረን። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?»

እውነቱ አጭር ነው። አፊፋ ዓረብኛ አትችልም።

ማንበብ ትችላለች፤ ያውም እንዴት አድርጋ! ኮምቦልቻ ቁርአን ቤት ስትቀራ ከእኩዮቿ የሚያክላት አልነበረም። ፊደሉን ከጉሮሮዋ ጥግ አውጥታ፣ የሚሳበውን ስባ፣ የሚጠብቀውን አጥብቃ ስትቀራ መንገደኛ ቆሞ ይሰማት ነበር። ትርጉሙን ግን አልተማረችም። «መጀመሪያ ምላሳችሁ ይቃና፣ ትርጉሙ በኋላ ይመጣል» ይሉ ነበር ኡስታዝ። በኋላው ሳይመጣ አሜሪካ መጣ።

ለምዝገባ የሄዱ ቀን የቢሮዋ ሴትዮ ለአባቷ ለአብዱልመናን አንድ ቅጽ ሰጠችው። የተማሪዋ ቋንቋ ይላል፤ ፊት ለፊቱ አንድ ባዶ መስመር። ልጅ ሁሉ አንድ ቋንቋ ብቻ ተሸክሞ የሚዞር ይመስል! አብዱልመናን ብዕሩን ይዞ ሲያመነታ ሴትየዋ «ልጅዎ በምን ቋንቋ ታነባለች?» አለችው። ያን ጊዜ ኩራት ደረቱን ነፋው። «ዓረብኛ! ማሻአላህ፣ በጣም ጎበዝ ናት።» ሴትየዋ ከመሳቢያዋ የዓረብኛ ጽሑፍ አወጣች። አፊፋ አነበበችው። ቁርአን ላይ ያሉት የድምፅ ምልክቶች እዚህኛው ላይ አልነበሩም፤ የጎደለውን በግምት እየሞላች፣ በዚያ ባማረ ድምጿ ወረደችበት። ስለ ምሳ ሰዓት ይሁን ስለ እሳት አደጋ እስከ ዛሬ አታውቅም። ሴትየዋ አጨበጨበች። አባቷ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ገብቷት እንደሆነ ከሁለቱ ትልልቅ ሰዎች አንዳቸውም አልጠየቁም። ለምን ይጠይቃሉ? ቅጹ ሞልቷል።

ከዚያ ወዲህ በየምዕራፉ የቃላት ዝርዝር ይሰጣታል፤ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ ዓረብኛ። ፈተና ላይ ይዞ መግባት የሚፈቀደውም እሱ ብቻ ነው። ግራው ገና አልገባትም፤ ቀኙን በዜማ ታነበዋለች፣ እሱም አይገባትም።

ይህን የሚያውቀው ኢሀብ ብቻ ነው። ኢሀብ ጂዳ ተወልዶ ያደገ የወሎ ልጅ ነው፤ በዓረብኛ ያስባል፣ በዓረብኛ ይሳደባል። እናቱ ግን ቅጹ ላይ «አማርኛ» ብላ ስለጻፈች፣ ከመናገር በቀር አንድ ፊደል እንኳ መለየት የማይችለው ልጅ የአማርኛ ዝርዝር ይሰጠዋል። እናም በምሳ ሰዓት ካፌቴሪያው ጥግ ተቀምጠው ወረቀት ይለዋወጣሉ። እሷ የእሱን አማርኛ ታነብለታለች፣ እሱ የእሷን ዓረብኛ ይፈታላታል። እስካሁን ያለፈችው በዚህ ነው። የሚጠይቃቸው አልነበረም።

ፈዲላ የመጣች ቀን ግን ኢሀብ ሳንድዊቹን አስቀመጠ።

«ሸይኻ፣ አሁንስ አበዛሽው» አላት። ሲያበሽቃት የሚጠራት እንደዚያ ነው። «እስከ ዛሬ የሸወድሽው ወረቀት ነው። ይቺ ግን ሰው ናት።»

«አንተ ብቻ ዝም በል። ወላሂ በል።»

«ወላሂ። ግን ጉድሽ ይፈላል። ሄደሽ ለሚስ ንገሪያት በቃ፣ አታካብጂው።»

ማካበድ አልነበረም። አንድ ቀን መኪና ውስጥ አባቷን «አባ፣ ያ ቅጽ ቢስተካከልስ?» ብላው ነበር። እጁ መሪው ላይ ደረቀ። «ግሪን ካርዳችን ፕሮሰስ ላይ ነው። ፈርሜ ያስገባሁትን ውሸት ነበር ልበላቸው? ተይው አፊፋ። ወረቀት ይነክሳል።» አባቷ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ሰሞኑን እነሱ በሚኖሩበት ፊሊፕስ ሰፈር በር ሲንኳኳ፣ የኢሚግሬሽን ፖሊስ መጣ ብሎ ቤተሰብ ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። አፊፋም እያንዳንዱ የትምህርት ቤት ወረቀት ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያየው አታውቅም። ስለማታውቅ ሁሉም ያያል ብላ ታስባለች።

ድንኳኑ ውስጥ ገብተው እንደተቀመጡ መብራቱ ጠፋ።

ጥቁር ሆነ፤ ከዚያ ከዋክብት ፈሰሱ። ልጆቹ «ዋው!» አሉ። ፈዲላም ቀና ብላ ለአፍታ አፏን ከፈተች። ቀጥሎ ከድምፅ ማጉያው አንድ ወንድ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረ። አስር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት። አፊፋ ምን እንደሚመጣ ታውቃለች። ልትነግራት ይገባ ነበር። ምን ብላ? አምስት፣ አራት። ክንዷን ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ ከመድረሷ በፊት ጉልላቱ በእሳት ተሞላና ወለሉ ተንቀጠቀጠ።

ፈዲላ ጮኸች።

እንዲያ ያለ ጩኸት አፊፋ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። ልጅ የሚጮኸው አይደለም። መብራት ሲበራ ፈዲላ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና፣ ጉልበቷን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ ወለሉ ላይ ተጠቅልላ ነበር። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«አፊፋ! አናግሪያት!» አለች ሚስ ካረን። «እባክሽ፣ የሆነ ነገር በያት!»

የሆነ ነገር። አፊፋ አፍ ውስጥ ያለው ዓረብኛ ሁሉ የተሸመደደ ነው። ግማሹ ሳተላይት ነው። ሌላው ግማሽ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትፈራ የምትቀራው ነው። ተንበረከከችና አንዲት አጭር ሱራ ጀመረች። ድምጿ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጸና። ሁለተኛውን መስመር ሳትጨርስ የፈዲላ ከንፈር አብሯት መንቀሳቀስ ጀመረ። እጆቿ ከጆሮዋ ተላቀቁ።

ሚስ ካረን ዓይኗን ጠረገች። «ምን ብለሽ ነው ያረጋጋሻት? እንዴት ያለ ግሩም ንግግር ነው!»

አፊፋ መሬቱ ቢውጣት በወደደች።

ፈዲላ ግን ልቧ ቢረጋጋም ትንፋሿ አልተመለሰም። ደረቷ ያፏጫል። ደግፈው ወደ ነርሷ ክፍል ወሰዷት። ነርሷ አልጋው ላይ አስቀምጣ ጀርባዋን አዳመጠችና ፊቷ ተለወጠ።

«አስም አለባት? የምትወስደው መድኃኒት አለ? የማይስማማትስ?»

«ፋይሏ ገና አልደረሰንም» አለች ሚስ ካረን። «እናቷ ስልክ አታነሳም፣ ሥራ ላይ ናት።»

ነርሷ ለስልክ አስተርጓሚ ደወለች። ሙዚቃ ብቻ ይሰማል። «ወረፋ ላይ ነን» አለች፣ ጣቷ ጠረጴዛውን እየመታ። «አምቡላንስ ከመጥራቴ በፊት ቢያንስ መድኃኒት እንዳላት ልወቅ።»

«አፊፋ አለችን እኮ!» አለች ሚስ ካረን።

ሁሉም ወደ አፊፋ ዞሩ። ፈዲላም ዞረች። ደረቷን ነካች፣ በትንፋሿ መሀል መሀል ረጅም ነገር ተናገረች፣ ወደ በሩ አመለከተች። አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ደገመችው። አፊፋ እያንዳንዱን ድምፅ ጥርት አድርጋ ሰማች። ብትባል ያለ አንድ ስህተት ትደግመዋለች። ትርጉሙ ግን እንደ ተቆለፈ ቤት ነው።

«ምን አለች?» ነርሷ ጠየቀች።

የአባቷ እጅ መሪው ላይ ሲደርቅ ታያት። ወረቀት ይነክሳል። የቢሮዋ ሴትዮ፣ ቅጹ፣ ፊርማው። ከዚያ ደግሞ በማታውቀው መንገድ እየተላለፈ የሚሄድ ወረቀት፣ በመጨረሻም በራቸው ላይ የሚንኳኳ እጅ። «ደህና ነኝ አለች» ማለት ይቻላል። ቀላል ነው። አንገቷ ለስድስት ወር የለመደውን መነቅነቅ ራሱ ጀመረ።

ፈዲላ ታያታለች። ያ ፊት አልተናደደም። ፈዲላ ታውቃለች፤ አፊፋ ድንኳኑ በር ላይ «ኦርቢት፣ ግራቪቲ» ብላ ካንሾካሾከችባት ጀምሮ አውቃለች። አውቃም አሁንም ትለምናለች።

አፊፋ አንገቷን አቆመችው።

«አላውቅም» አለች በእንግሊዝኛ። ድምጿ ስላልወጣ ደገመችው። «ዓረብኛ አልችልም።»

«ምን?» አለች ሚስ ካረን። «አሁን እኮ አናገርሻት…»

«መቅራት ነው። ቁርአን ነው። ትርጉሙን አላውቅም፣ ሚስ። ከመጀመሪያውም አላውቅም። ከመግባታችን በፊት ምንም አልነገርኳትም።» እንባዋ ቀደማት፤ ግን አላቆመችም። «ኢሀብን ጥሩት። ፎቅ ላይ፣ ሒሳብ ክፍል ነው ያለው። እሱ ይችላል። እባካችሁ ቶሎ!»

ሚስ ካረን ለአንድ ቅጽበት ፈዝዛ ቆመች። ከዚያ ሮጠች።

ኢሀብ እያለከለከ ገባ። አፊፋን አላያትም፤ በቀጥታ ፈዲላ ፊት በርከክ አለ። ሁለቱ እንደ ዝናብ አወረዱት። ሳይጨርሱ ዞሮ «አስም አለባት!» አለ። «መርጫው ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ቦርሳዋ ጂም ቀርቷል፣ ቦርሳዬ ቦርሳዬ ነው የምትለው!» ሚስ ካረን እንደገና ሮጠች።

ፈዲላ መርጫውን ሁለት ጊዜ ሳበች። ቆየት ብላ እንደገና ሳበች። ፉጨቱ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄደ። ነርሷ ትከሻዋን ዘና አደረገች። አፊፋ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እያንዳንዱን ትንፋሽ ቆጠረች።

ፈዲላ ለኢሀብ አንድ ነገር አለችው።

«አንቺን ነው» አለ ኢሀብ በአማርኛ፣ ወደ አፊፋ ዞሮ። «ድንኳኑ በር ላይ ምን ልትይኝ ፈልገሽ ነበር ትላለች።»

አፊፋ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ይጨልማል በላት። ሮኬቱ ሲነሳ ይጮኻል። ፊልም ብቻ ነው። ከፈራሽ እጄን ያዢኝና እንወጣለን በላት።»

«አሁን?»

«አዎ፣ አሁን።»

ኢሀብ ነገራት። ፈዲላ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ አልጋው ላይ ፈቀቅ አለችና ለአፊፋ ቦታ ለቀቀችላት።

ትምህርት ሲያልቅ ሚስ ካረን አፊፋን ኮሪደሩ ላይ አስቆመቻት። አፊፋ ቁጣ ጠብቃ ነበር። ሚስ ካረን ግን ደክሟት ነበር፤ ከኀፍረት የተነሳ ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች።

«ስድስት ወር ሙሉ አንድም ቀን ትርጉሙን አልጠየቅሁሽም» አለች። «እሱ የእኔ ጥፋት ነው፤ አስብበታለሁ።» አዲስ ቅጽ ሰጠቻት። «አባትሽ ይፈርሙበት። ቋንቋ ማስተካከል ወንጀል አይደለም፣ አፊፋ።»

አፊፋ ልታምናት ፈለገች። ግማሿ አመነ።

ውጭ በረዶው የመኪኖችን ጣሪያ ሸፍኗል። የአባቷ አሮጌ ካምሪ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆሟል። አብዱልመናን ኤደን ፕሬሪ ከሚሠራበት የዕቃ መጋዘን በቀጥታ መምጣቱ ነው፤ አንጸባራቂ ሰደርያውን እንኳ አላወለቀም።

«ነይ ግቢ፣ ብርዱ!» አለ። «ፈተናው መቼ ነው ያልሽኝ? የጠፈሩ? ሸምድደሻል?»

አፊፋ ገብታ በሩን ዘጋች። እጁ ወደ ማርሹ ሲሄድ አየችው።

«አባ፣ ትንሽ ቆይ። አትንዳ።»

ከቦርሳዋ ቅጹን አወጣች። ባዶው መስመር ላይ ራሷ በእንግሊዝኛ ጽፋበታለች፤ አማርኛ። የቀረው የፊርማው ቦታ ነው። ወረቀቱን መሪው ላይ አስቀመጠችለት።

አብዱልመናን አነበበው። እንደገና አነበበው። የፊቱ ደም ሲሸሽ አየችው፤ እሱም እንደ እሷ እንደሚፈራ ገባት።

«ምን ተፈጠረ?» አለ ቀስ ብሎ። «ማን ምን አለሽ?»

«ሁሉንም እነግርሃለሁ» አለች። «እስከ መጨረሻው ስማኝ ብቻ። ከዚያ ትቆጣለህ።»

ጓንቷን አውልቃ ብዕሯን ዘረጋችለት። አባቷ አልተቀበላትም። እሷም እጇን አላጠፈችም። ከመጀመሪያው፣ ከምዝገባው ቀን ጀምራ መናገር ጀመረች።