የተሰረዘችው መስመር

«...ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበሩ» ብላ እስከዳር ወረቀቱን አጠፈችው። ድንኳኑን የሞላው ሰው «ነፍስ ይማር» አለ። አጎቷ በላቸው ከፊት ወንበር ሆኖ ራሱን ነቀነቀላት። እንዳዘዛት አንብባለታለች፤ በቀይ እስክሪብቶ የሰረዛትን መስመር ዘልላታለች።

መስመሯን የጻፈችው እሷው ነበረች። ዛሬ የአባቷ የአንዱዓለም አርባ ነው። ከቀብሩ የቀሩ የሥራ ባልደረቦቹ የሕይወት ታሪኩ ዳግም ይነበብልን ስላሉ፣ «የዓይን ባለሙያ ብቻ አልነበሩም፤ ማሲንቆ ሲመቱ ቤታችን ይሞቅ ነበር» ብላ ጨምራ ነበር። በላቸው አይቶ ፊቱ ጠቆረ። ለልጁ ለእታገኘሁ ሽማግሌ የላኩት ሰዎች አርባው ላይ እንደሚገኙ፣ የአዝማሪ ዘር ናቸው ብለው ከጠረጠሩ ነገሩ እንደሚፈርስ ነገራት። አዝማሪ ሲዘፍን የማያጨበጭብ የለም፤ ልጁን ለአዝማሪ ቤት የሚድር ግን ተፈልጎም አይገኝ። ጠዋት እታገኘሁ ራሷ ጓዳ ድረስ ተከትላት «እስኪዬ፣ ፕሊስ አታበላሺብኝ» ብላታለች። አብረው ነው ያደጉት፤ ፀጉሯን የምትሠራላት እታገኘሁ ናት።

እስከዳር አባቷንም ተቀይማዋለች። ማራኪ ሰፈር ባለው ቤታቸው መስኮት ዘግቶ ነበር የሚጫወተው። እናቷን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ለእስከዳር በስሟ ግጥም እየገጠመ ይመታና ሲጨርስ «ለአጎትሽ እንዳትነግሪ» ብሎ ይስቃል። ያ ሳቅ አሁን ያንገበግባታል። በተቀበረ ማግስት ማሲንቆው ከተሰቀለበት ጠፋ። በላቸው የት እንዳደረሰው እናቷ እንኳ አልጠየቀችም።

ሰው ወደ ወሬው ሲመለስ፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ አንዲት ባልቴት ከመካከል ተነሡ። ይርገዱ እንደሚባሉ፣ መርዶው ዘግይቶ ስለደረሳቸው ከአምባ ጊዮርጊስ በጠዋቱ አውቶቡስ እንደመጡ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ምነው ማሲንቆውን ሳታነሺው?» አሉ። «እኛ አገር ዓይን ሊያይ የመጣ ጊዜ፣ ሰው የሕክምና መሣሪያውን ፈርቶ ሲሸሽ፣ ማሲንቆ እየመታ ነው የሰበሰበን። ይኸው የልጅ ልጄን ፊት አየሁበት። ሸጋ ሰው ነበር።»

ሽማግሌ የላኩት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። በላቸው ከወንበሩ ተነሣ።

«ተሳስተዋል እናቴ፤ ሌላ ሰው ይሆናል። ወንድሜ ማሲንቆ ነክቶ አያውቅም» አለና ወደ እስከዳር ዞረ። «አይደለም እንዴ?»

ባልቴቷ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። መልሰው አደረጉና ጥግ ላይ ያለውን የአንዱዓለምን ፎቶ ትኩር ብለው አዩት።

«እሱን መስሎኝ ነበር» አሉ። «ዓይኔ ዳነልኝ ስል፣ ለካ ሰውም አልለይም። ይቅር በሉኝ።»

እስከዳር ወደ ባልቴቷ ዞረች። እኚህ ሴት ከሰው መሃል ቆመው፣ አባቷ የመለሰላቸውን ዓይን እየተጠራጠሩ ይቅርታ ይጠይቃሉ። ከኋላ ወንበር እታገኘሁ ጥፍሯን ትበላለች። ዝም ብትል የሚጎዳ የለም፤ የሞተ ሰው አይቀየምም። እንዲህ ብላ ራሷን ልታሳምን ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«እማማ፣ አልተሳሳቱም» አለች። «ይቀመጡ።»

በላቸው ወረቀቱን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸችና ገለጠችው። ቀዩ ቀለም ከሥሩ ያለውን ጽሕፈት አልሸፈነውም፤ ይነበባል። እታገኘሁ ወዳለችበት ቀና ብላ ማየት አልደፈረችም።

ከመጀመሪያው ጀመረች።