የጋቢና ክንድ

የዚያን ዕለት የድሬዳዋ ጣሪያ ለእጥበት ተጠቅልሎ ነበር። በዓመት አንዴ እንዲህ ያደርጋሉ። ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍናትን የጥላ ጨርቅ ሰብስበው አቧራውን ያራግፋሉ፤ ሕዝቡም እውነተኛ ፀሐይ አናቱን ሲያገኘው ጉድ ፈላ እያለ ይንጫጫል። ወይዘሮ ቤዛዊት አልተንጫጩም። ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጣል አድርገው ከሰረገላው ወረዱ። ሰረገላ ማለት ሾፌር የሌለው፣ ሲጠሩት መጥቶ የሚያደርስ፣ ከተሜው ሁሉ የሚሳፈርበት ሳጥን ነው። "ደህና ይዋሉ" አላቸው ሳጥኑ። መልስ አልሰጡትም። ሰው ያልነዳውን ማመስገን ለሳቸው ግድግዳ እንደ መሳም ነበር።

የመጡት መኪና ሊመርጡ ነው። መሪ ያላት መኪና፤ ያውም ሁለት በር ያላት፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ የድሮ የስፖርት መኪና። ባላቸው አቶ ናሆም እሑድ ሰማንያ ዓመት ይሞላቸዋል።

ልጆቻቸው ሌላ ስጦታ ነበር ያሰቡት። አቶ ናሆም ካለፈው ክረምት ወዲህ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ በመስኮት ያያሉ፤ በቃ። ሐኪም ቤቱ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ተኪ ልሳን ይሰጣል። አንገት ላይ የምትለጠፍ፣ ቅጠል የምታህል ነገር ናት፤ ሰውየው ድሮ ሲናገር የኖረውን አጥንታ፣ ዛሬ ቢናገር ምን ይል እንደነበር ገምታ፣ በገዛ ድምፁ ትናገርለታለች። ልጆቹ ለሙከራ አምጥተው ለጠፉላቸው።

"ቤዚዬ፣ ዛሬ አምሮብሻል" አለች ቅጠሏ በአቶ ናሆም ድምፅ።

ልጆቹ አለቀሱ። ወይዘሮ ቤዛዊት ተነሥተው ቅጠሏን ከባላቸው አንገት ላይ ነቀሏት።

"ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ስኖር አንድ ቀን አምሮብሻል ብሎኝ አያውቅም። ይቺ ባሌን አታውቀውም! እኔ የምፈልገው ከራሱ አፍ የወጣ አንድ ቃል ነው። ስድብም ይሁን።"

ሐኪሙ ሲሸኛቸው አንድ ነገር ተናግሮ ነበር፦ ራስ የረሳውን አንዳንዴ እጅ ያስታውሰዋል። ለማጽናናት ይበለው ለእውነት አላወቁም። እሳቸው ግን ያዙት። የናሆም እጅ ከመሪ በቀር የሚያስታውሰው ነገር የለውም። በባጃጅ ጀምሮ፣ ወደ ሚኒባስ አድጎ፣ ሰው ሁሉ መንዳት እስኪተው ድረስ ከድሬ ሐረር የደንገጎን ጠመዝማዛ ሲወጣና ሲወርድ ነው የኖረው። መንገድ ላይ አንዲት ዝቅ ያለች ቀይ መኪና ሽው ብላ ካለፈችው፣ ተሳፋሪ መጫኑን ረስቶ አንገቱን ያዞር ነበር። "አንድ ቀን" ይል ነበር። ያ ቀን ሳይመጣ መሪ የሚባል ነገር ከዓለም ጠፋ።

ባለመሪ መኪኖች የሚሸጡት ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለ ሰፊ አዳራሽ ነው። የተቀበለቻቸው ሂክማ የምትባል ወጣት ሻጭ ናት፤ የድሬ ልጅ ናትና አንቱታ አልፈጠረባትም።

"አቦ እማማ፣ ግቢ! ለማን ነው?"

"ለባሌ። ለልደቱ።"

"በዚህ ዕድሜ? እንዴት ታድሏል!"

"እሱን ስታዪው ትነግሪኛለሽ። አሁን አሳዪኝ።"

ሂክማ በመጀመሪያ እንደ ዓሣ የምታብለጨልጭ አንዲት ብርማ መኪና ጋ ወሰደቻቸው። "ይቺ የውድድር ነበረች። ከቆመችበት ስትነሣ ነፍስ ነው የምታወጣው።"

"የሱ ነፍስ ለመውጣት ብዙ ግፊት አያስፈልጋትም። ሌላ።"

ሁለተኛዋ አረንጓዴ ናት። ወይዘሮ ቤዛዊት ጎንበስ ብለው ወንበሯን አዩት፤ ከመሬት ጋር ሊጣበቅ ምንም አልቀረውም።

"ከዚህ ጉድጓድ ማን ነው የሚያወጣው? ክሬን አብረሽ ትሸጪልኛለሽ?"

ሂክማ ሳቀች። ወይዘሮ ቤዛዊት አልሳቁም፤ ዓይናቸው ጥግ ላይ ወደቆመች ቀይ መኪና ሄዷል። ሁለት ክብ መብራቶች፣ ትንሽ ያኮረፈ የሚመስል ፊት። በሯ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ወንበሯም ለሽማግሌ ጉልበት አይከፋም። ወይዘሮ ቤዛዊት ዞረው በወዲያኛው በር፣ ጋቢና ገቡ። ከሾፌር ጎን ነው የኖሩት፤ መኪና የሚያውቁት ከዚያ ወንበር ነው። ጀርባቸውን አደላደሉ፣ እግራቸውን ዘረጉ፣ የበሩን እጀታ ሳብ ሳብ አደረጉ።

"እቺ ናት" አሉ።

ሂክማ ከንፈሯን ነከሰች። "እማማ፣ እሷ እንኳን... ጓንቷ ችግር አለበት።"

ባለመሪ መኪና ያለ ጓንት መንገድ አይወጣም፤ ሕጉ ነው። ሰው መንዳት ሲያቆም የዚህ አገር ሾፌሮች ተሰልፈው፣ ስስ ጓንት አጥልቀው፣ የለመዱትን መንገድ እየነዱ የእጃቸውን ልማድ አስቀድተዋል። አቶ ናሆምም ተሰልፈዋል፤ ማታ ሲመለሱ "እጄን ሰጥቼ መጣሁ" ብለው እራት ሳይበሉ ተኙ። ዛሬ መሪ ነክቶ የማያውቅ ሰው ያንን ጓንት ካጠለቀ፣ ጓንቱ ጣቶቹን እየሳበ ይመራዋል፤ ከመኪናዋ ዓይንና ፍሬን ጋር ተያይዟልና መታጠፊያውንም ፍሬኑንም ያውቅለታል።

"ምን ዓይነት ችግር?"

"ከምነግርሽ ላሳይሽ።"

ሂክማ ጓንቱን አጥልቃ ከመሪው ጀርባ ተቀመጠች፤ ወጡ። ሰረገሎች ሁሉ በፀጥታ በሚንሸራተቱበት መንገድ ላይ ቀይዋ መኪና እያጉረመረመች አለፈች። ደንገጎ ላይ መጠማዘዝ ሲጀምሩ ወይዘሮ ቤዛዊት ሳያስቡት የበሩን እጀታ ጨበጡ። መታጠፊያዎቹን በሆዳቸው ያውቋቸዋል።

አንዱ ኩርባ ላይ አንድ ትልቅ ዝንጀሮ፣ መንገዱ የአባቱ ይመስል፣ መሐል አስፋልት ላይ ቁጭ ብሏል። ጓንቱ አየው። ፍሬን ተያዘ፣ መኪናዋ ወደፊት ተደፋች፤ የሂክማ ቀኝ እጅ መሪውን ለቆ ተወርውሮ የወይዘሮ ቤዛዊትን ደረት እንደ መቀርቀሪያ ያዘ።

ወይዘሮ ቤዛዊት ክንዱን ጧ አድርገው መቱት።

"እጅህን ሰብስብ! እኔ የሽንኩርት ጆንያ ነኝ?"

ዝንጀሮው ገላመጣቸውና ተነሥቶ ሄደ። ሂክማ አፏን ከፍታ ታያቸዋለች። ወይዘሮ ቤዛዊትም የራሳቸውን እጅ እያዩ ቀሩ። ይህን ቃል ከተናገሩ ስንት ዘመናቸው! ናሆም ፍሬን በያዘ ቁጥር ያ ክንድ ይመጣል፤ እሳቸው ይመቱታል፣ ይሳደባሉ፤ እሱ ምንም እንዳልተፈጠረ እጁን ወደ መሪው ይመልሳል። አንድ ቀን እንኳን ሳይመቱት አላለፉም።

"ችግሩ ይኸው ነው እማማ" አለች ሂክማ። "ፍሬን ሲያዝ ቀኝ እጅ መሪ ይለቃል። ባዶ ወንበርም ቢሆን ይወረወራል።"

"ይሄ ችግር አይደለም። ይሄ የናሆም እጅ ነው።"

"የማን?"

"የባሌ! ጓንቱ ውስጥ ያለው ባሌ ነው። እኔ የማላውቀው ይመስልሻል? ይሄ ክንድ ደረቴ ላይ መንገድ አውጥቷል!"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሂክማ መኪናዋን ዳር አስያዘች። የጓንቱን አንጓ ተጭና በጆሮዋ ስታዳምጥ ቆየች፤ ጓንት ሲጠየቅ ከየት እንደመጣ ይናገራል።

"እማማ" አለች ቀስ ብላ፣ "የአንድ ሰው አይደለም።"

"ምን ማለት ነው?"

"የዚህን መንገድ ሾፌሮች እጅ በሙሉ አንድ ላይ ነው ያቀለጡት። ባልሽም ይኖርበታል፤ ግን ለይቼ ላወጣልሽ አልችልም። አንዱ መታጠፊያ ላይ ይቸኩላል፣ ሌላው ይዘገያል፤ አንዱ ክላክስ ይወዳል፣ ሌላው አይነካም። እርስ በርሱ ሲጋጭ ጠፋ። የቀረው ሁሉም የሚያደርጉት ብቻ ነው።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። ለዚህ እኮ ነው ብልሽት ያሉት። የማን እንደሆነ ቢያውቁ ያንን ሰው ያወጡት ነበር።"

ወይዘሮ ቤዛዊት ንዴት መጣባቸው፤ ያውም የቅናት። ያ ክንድ የሳቸው ብቻ መስሏቸው ነበር የኖሩት።

"እኔ ከሌለሁ ጋቢና ለምትቀመጠዋም ይዘረጋ ነበር ማለት ነው?"

"ለተቀመጠ ሁሉ" አለች ሂክማ። "አባቴም ሾፌር ነበር። የተሳፈረው ፍየልም ቢሆን ይዘረጋል።"

"ፍየል!" አሉ ወይዘሮ ቤዛዊት። ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ዋጡት።

ከተማ ሲመለሱ ሂክማ የቀረውን ነገረቻቸው። መሪ የሚለቅ ጓንት ለሙከራ ካልሆነ በቀር የመንገድ ተቆጣጣሪው አያሳልፍም። የሌሎቹ ሁሉ ታጥቧል፤ መታጠብ ሲሉ በውሃ አይደለም፣ ልማዱን መፋቅ ነው። ይቺ መኪና ጥግ ላይ ተረስታ ስለኖረች እስካሁን የተረፈ ይኸው አንድ ጓንት ነው። ወይዘሮ ቤዛዊት ከፈለጉ ሳይታጠብ ሊወስዱት ይችላሉ። ያኔ ግን መኪናዋ ግቢ ቆማ ትቀራለች፤ መንገድ አትወጣም።

ሂክማ ጓንቱን አውልቃ ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። ወይዘሮ ቤዛዊት ደባበሱት። ስስ ነው፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ። ግቢያቸው ውስጥ ጋቢና ቁጭ ብለው፣ አንዱን የጎረቤት ልጅ ጓንቱን አስጠልቀው፣ ፍሬን ያዝ፣ ልቀቅ፣ ያዝ፣ ልቀቅ እያሉ ሲያረጁ ታያቸው። ምን ነውር አለው? ማን ይከለክላቸዋል?

"ይታጠብ" አሉ።

"እማማ፣ እርግጠኛ ነሽ? ከታጠበ አይመለስም።"

"ክንዱ የናፈቀው እኔን ነው። እሱን የናፈቀው መንገድ ነው። ልደቱ የማን ነው?"

ሂክማ ጓንቱን ከጭናቸው ላይ አነሣች።

እሑድ ከሰዓት ቀይዋ መኪና በራቸው ላይ ቆመች። ልጆቹ አጨበጨቡ። አቶ ናሆም አላጨበጨቡም፤ መኪናዋን እንደ ማንኛውም የመስኮት ነገር አዩዋት። ወይዘሮ ቤዛዊት ክንዳቸውን ይዘው ከመሪው ጀርባ አስቀመጧቸው፤ ጓንቱን ጣት በጣት አጠለቁላቸው። ራሳቸው ዞረው ጋቢና ገቡ።

"በል እንግዲህ ናሆሜ። አንድ ቀን ያልከው ይኸው መጣ።"

ጓንቱ የአቶ ናሆምን እጅ አንሥቶ መሪው ላይ አሳረፈው። መኪናዋ አጉረመረመች፤ ተነሡ። ወይዘሮ ቤዛዊት ከመንገዱ ይልቅ የባላቸውን ፊት ነበር የሚያዩት። ምንም የለም። ከተማውን ወጡ። ደንገጎን መጠምዘዝ ጀመሩ። መሪው ይዞራል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይዞራል፤ ይህን የሚያደርገው ናሆም ይሁን ጓንቱ ማንም ሊለየው አይችልም። ፊታቸው የተዘጋ ሱቅ ነው። ሐኪሙ ለማጽናናት ነበር እንዴ ያለው? እንዲያ ከሆነ፣ አሉ በልባቸው፣ ተመልሼ የምነግረው ነገር አለኝ።

ያው ኩርባ ላይ፣ ልጇን ሆዷ ላይ ያንጠለጠለች ዝንጀሮ ከገደሉ ብቅ ብላ ወደ አስፋልቱ ገባች።

ፍሬን። መኪናዋ ወደፊት ተደፋች።

ወይዘሮ ቤዛዊት ዓይናቸውን ጨፍነው ክንዱን ጠበቁት። ከጓንቱ ባይሆን እንኳን ከሥጋው ይመጣ ይሆናል ብለው ጠበቁት።

አልመጣም።

ዓይናቸውን ሲገልጡ የናሆም ሁለቱም እጆች መሪው ላይ ናቸው፤ ንጹሕ፣ ቀጥ ያሉ፣ ተቆጣጣሪው እንደሚወደው። በቃ፤ አጥቤ ጣልኩት አሉ በልባቸው። ሰውየውንም አብሬ አጥቤ ጣልኩት።

አቶ ናሆም ግን ወደ መንገዱ አያዩም ነበር። አንገታቸውን ደፍተው የገዛ ደረታቸውን ያያሉ። ወይዘሮ ቤዛዊት ምን እንደሚያዩ ለማወቅ እሳቸውም አዩ።

ክንድ ነው። ቆዳው የተጨማደደ፣ የብር አምባር ያለበት፣ የአሮጊት ግራ ክንድ፤ የአቶ ናሆምን ደረት እንደ መቀርቀሪያ አቋርጦ ይዟል። መቼ እንደተወረወረ ባለቤቲቱ እንኳን አያውቁም። መሪ ጨብጦ የማያውቅ፣ ማንም አሰልፎ ልማዱን ያልቀዳበት፣ ጓንት ያልነካው እጅ ነው።

በአቶ ናሆም ጉሮሮ ውስጥ ዝገት የበላው ነገር ፈቀቅ አለ።

"እጅሽን ሰብስቢ" አሉ። "እኔ የሽንኩርት ጆንያ ነኝ?"

ዝንጀሮዋ ልጇን እንዳንጠለጠለች ወዲያ ማዶ ተሻግራ ከሄደች ቆይታለች። መንገዱ ባዶ ነው።

"አልሰበስብም" አሏቸው ወይዘሮ ቤዛዊት።