ፈጣኑን ሰንሰለት ስጪኝ

ቲራ ሲክስተንን ገና በመስኮት ስታየው ልቧ ደንገጥ አለ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሷል፤ በእጁ የሞተር መጋዙን አንጠልጥሏል።

አውሎ ነፋሱ በስሞላንድ አውራጃ ደኖች ላይ ካለፈ ወዲህ የአባቷ የራግናር የመጋዝ መደብር ሰው አጥቶ አያውቅም። ጥዱ ሁሉ ከነሥሩ ተነቅሎ መንገድ ላይ ተጋድሟል። ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ ለደንበኛ ሰንሰለት የምትመርጠው ቲራ ናት። ሲክስተን ደግሞ የልብ ሕመምተኛ እናቱን ሊያስታምም በበጋው ከጎተንበርግ ከተማ የመጣ ወጣት ነው። ሁለቱ የሚተያዩት በዚሁ ባንኮኒ ላይ ነው። ስለ ዝናብ ያወራሉ፤ ከዚያ ዝም ይላሉ፤ ዝምታው ከወሬው ይረዝማል።

ዛሬ ግን ለዝምታ ጊዜ አልነበረውም።

«ሰንሰለቴ አለቀለት። ፈጣኑን ስጪኝ፤ ያን ጥርሱ ባለ ሹል ማዕዘን የሆነውን።»

ቲራ ሰንሰለቱ በሚዞርበት የመጋዙ ምላስ ላይ የተቀረጸውን ልክ አየች። በዚያ ልክ ሁለት ዓይነት ነበራት። ጠርዙ ክብ የሆነውን አነሳች።

«ይሄ ይሻልሃል። ትንሽ ይዘገያል እንጂ ጭቃ ቢነካው ቶሎ አይዶለድምም። ከጥርሱ ፊትም ከለላ አለው። የመጋዙ ጫፍ እንጨት ሲነካ እንደዚያኛው ወደ ፊትህ አይፈናጠርም።»

«ቲራ፣ ነገ በረዶ ይጥላል እየተባለ ነው። የቤታችን መንገድ ሳይከፈት እናቴን ድንገት ቢያማት አምቡላንሱ በየት ይገባል?»

«የወደቀ ዛፍ ተወጥሮ ነው የሚተኛው፤ መቼ እንደሚለቅ...»

«የከተማ ልጅ አይችልም ማለትሽ ነው?»

«እንደሱ አልወጣኝም!»

ከኋላው ተራ የያዙት ገበሬዎች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ራግናር ከጓዳ ብቅ አለ።

«ምን ያከራክርሻል ልጄ? የጠየቀውን ስጪው።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ደግሞ ብዙ አትድከሚለት። እናቱ ሲሻላት ወደ ከተማው ይመለሳል» አላት።

ቲራ ፊቷ ቀላ። ፈጣኑን ሰንሰለት ሰጠችው። ሲክስተን ዓይኗን ሳያይ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ የመጋዙ ድምፅ ከመደብሩ ፊት ካለው ሐይቅ ማዶ፣ ከእነሲክስተን ቤት በኩል ይሰማ ጀመር። ቲራን ሥራው ከእጇ እየወደቀ አስቸገራት፤ ሞረድ ለጠየቃት ዘይት ሰጠች። ዓይኗ ከአባቷ ጉንጭ ላይ አልነሣ አለ። ከጆሮው እስከ አገጩ የወረደው ጠባሳ መጋዝ ተፈናጥሮ የተወለት ነው። ስለዚያ ቀን በቤታቸው ተወርቶ አያውቅም።

ድምፁ በድንገት ተቋረጠ።

ነዳጅ እየሞላ ይሆናል አለች። ጠበቀች። ድምፁ አልተመለሰም። ያን ጠርዙ ክብ የሆነውን ሰንሰለት ከማንጠልጠያው ላይ መንጭቃ ካፖርቷን ለበሰች።

«አባባ፣ እሄዳለሁ።»

ይከለክለኛል ብላ ነበር። ራግናር ግን እጁ ሳያስበው ወደ ጉንጩ ሄደ።

«የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑን ያዢ» አላት። «ቶሎ በይ!»

መኪናዋን መንገዱ ከተዘጋበት አቁማ በግንዶቹ ላይ እየተንጠላጠለች ገባች። «ሲክስተን!» የሚመልስላት አልነበረም። የተወጠሩት ዛፎች ብቻ ሲጥ ሲጥ ይላሉ። ሮጠች።

የተነቀለ ሥር ተደግፎ ተቀምጦ አገኘችው። መጋዝ የሚከላከለው ሱሪው ከጉልበቱ በላይ ተተርትሮ ውስጡ የነበረው ነጭ ክር ተዘርግፏል። ተንበርክካ ጭኑን ዳበሰች። ደም የለም።

«አልነካኝም» አለ። «ጫፉ ቅርንጫፍ ነካና ወደ ፊቴ ተነሣ፤ ሲመለስ ጭኔ ላይ አረፈ። የሱሪው ክር ነው ሰንሰለቱ ላይ ተጠምጥሞ ያቆመው። ስትጠሪኝ ሰምቼሻለሁ፤ ድምፄ እምቢ አለኝ።»

«ግትር!» ትከሻውን በቡጢ መታችው። «ብትሞትስ? እኔ ምን ልሆን ነው?»

የመጨረሻው ቃል እንዴት እንዳመለጣት አላወቀችም። ሲክስተን ቀና ብሎ አያት።

«ምን አልሽ?»

«ምንም።»

«ብለሻል።» እጇን ያዘ። «አባትሽ ይመለሳል ሲል ሰምቻለሁ። ዝም ስትይ አንቺም እንደሱ ያሰብሽ መስሎኝ ከፋኝ። የትም አልሄድም ቲራ። ከአንቺ ርቄ መሄድ እንደማልችል ካወቅሁ ቆየሁ።»

ግንባሯን ትከሻው ላይ አስደግፋ አለቀሰች።

ከኋላቸው ቅርንጫፍ ተሰበረ። ራግናር ሱቁን ዘግቶ፣ መጋዙን ተሸክሞ፣ እያለከለከ መጣ። የተቃቀፉትን አየና አዲስ መከላከያ ሱሪ ለሲክስተን ወረወረለት።

«ልበስ! ልጄን ገና ሳታገባት ባሏ የሞተባት ልታደርጋት ነው እንዴ?»

ሰንሰለቱን ቲራ ራሷ ባመጣችው ቀየረችው። መንገዱ በረዶው ሳይጥል ተከፈተ።

በግንቦት ተጋቡ። የቲራ ስጋት ግን አልለቀቃትም። ሲክስተን ደን በገባ ቁጥር መጋዙ ዝም ሲል የያዘችውን ትታ መስኮቱን ትከፍታለች። እሱም ይህን ያውቃል። ነዳጅ ከመሙላቱ፣ ላቡን ከመጥረጉ በፊት ወደ ቤቱ ዞሮ ባለ በሌለ ድምፁ ይጣራል፦

«አለሁ ቲራ! አለሁ!»