ሁለት ጭረት

ስልኩ በስፌት መኪናው ጠርዝ ላይ ጢን አለ። ልብስ ሰፊዋ እትዬ እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አነሱ። ስልኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብለው አነበቡት፤ ከዚያ በግንባሩ ደፍተው አስቀመጡትና ካቆሙበት መስፋታቸውን ቀጠሉ።

ቀጮ አጠገባቸው ቆማ የዩኒፎርም ጉርዷ ተሰፍቶ እስኪያልቅ ትጠብቅ ነበር። ማንበብ ፈልጋ አልነበረም። ግን እትዬ ስልኩን ሲያዘነብሉት ጽሑፉ ለእሷም ታየ። ከላይ የትምህርት ቤቱ ስም፣ ከሥሩ የልጃቸው ስም ከነአባቷ፣ ከዚያ ደግሞ «ዛሬ ከትምህርት ቤት ቀርታለች» ይላል።

ልጃቸው ከሞተች ገና ሁለት ወር አልሞላትም።

ክፍል ውስጥ ማንም በስሟ አይጠራትም ነበር፤ ፍልቅልቅ ነበር የምትባለው። ስትስቅ ድምፅ አታወጣም፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ እንባ ያቀርራል፣ ያን ያየ መምህር መቆጣቱን ይረሳዋል። ልቧ ከልጅነቷ ጀምሮ ያማት ነበር። ቀጮን «ቀጮ» ያለቻት እሷ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። ትምህርት ሲለቀቅ ሁለቱም የሚመጡት ወደዚህች ሱቅ ነበር፤ ቁርጥራጭ ጨርቁ ላይ ዘፍ ብለው የቤት ሥራ ይሠራሉ። ማለትም ቀጮ ትሠራለች፣ ፍልቅልቅ ትገለብጣለች።

በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ሆስፒታል ገባች፤ በእግሯ አልወጣችም። ከቀብሩ ወዲህ ቀጮ በዚህ ሰፈር አልፋ አታውቅም። ዙሪያ ጥምጥም ሄዳ ነበር ቤቷ የምትገባው። እትዬን ምን ብላ እንደምታያቸው አታውቅም፤ ምን እንደሚባልም አታውቅም። ዛሬም እናቷ «ጉርድሽ ጉልበትሽን አልፎ ሊሄድ ነው፤ ሰፊ ጠፍቶ ነው ወይስ እግርሽ ተሰብሮ?» ብላ ባታፋጥጣት አትመጣም ነበር።

«እትዬ» አለች፤ ድምጿ ለራሷም በደንብ አልተሰማት። «ይሄ መልእክት ብዙ ጊዜ ይመጣል?»

እትዬ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «በየቀኑ። ቅዳሜና እሑድ ያርፋል» አሉ፣ ስለ ሰው እንደሚያወሩ።

ቀና ሳይሉ ነገሯት። መጀመሪያ የመጣ ቀን ብድግ ብለው ጫማቸውን ማጥለቅ ጀምረው ነበር፤ ይቺ ልጅ ደግሞ የት ገብታ ነው እያሉ። አንዱን አጥልቀው ሌላውን ከጠረጴዛው ሥር ሲፈልጉ ነው ነገሩ የመጣላቸው። የባላቸው ወንድም ሲሰማ ደሙ ፈልቶ፣ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ ልክ ልካቸውን እነግራቸዋለሁ ብሎ ተነስቶ ነበር። ለምነው ያስቀሩት እሳቸው ናቸው።

«ለምን አስቀሩት?» አለች ቀጮ።

እትዬ ጉርዱን ገልብጠው ስፌቱን በጣታቸው ዳበሱ። «ስሟን የሚጠራ ጠፋ፣ ልጄ። አባቷ አይጠራት፣ ጎረቤት አይጠራት። ለእኔ ብለው ነው፤ አውቃለሁ። እዚህ የሚገባው ሰው ሁሉ ስለ ዚፕና ስለ ቁልፍ ነው የሚያወራኝ። ከነአባቷ አሟልቶ የሚጠራልኝ ይሄ ብቻ ነው። ሲመጣ ያመኛል። የዘገየ እንደሆነ ደግሞ...»

አልጨረሱትም። ጉርዱን አጣጥፈው ሰጧት፤ እናትሽን ሰላም በይልኝ አሉ።

ቀጮ እንዴት ቤቷ እንደደረሰች አታውቅም። እትዬ ያላወቁትን አንድ ነገር ታውቅ ነበር። መልእክቱን የሚልከውን ፕሮግራም የሠራው የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክበብ ነው። መልእክቱ የትኞቹን ተማሪዎች እንደሚመለከት የሚወስነውን መስመር የጻፈችው ደግሞ ራሷ ቀጮ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የተማሪዎቹ መረጃ በሙሉ ያለው አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ነው። ወጣቱ የኮምፒውተር መምህር ለክበቡ ልጆች ሲያስረዳ፣ ፋይሉን እንደ አንድ ግቢ አስቡት ብሏቸው ነበር። የውጪው በር «ትምህርትቤት» ይባላል። እሱን አልፋችሁ ስትገቡ «ክፍል» የሚባሉ ቤቶች ታገኛላችሁ። በየቤቱ ውስጥ «ተማሪ» አለ፤ ከየተማሪው ጋር ስሙና የወላጁ ስልክ። የምትፈልጉትን ለማግኘት ለኮምፒውተሩ መንገዱን ትነግሩታላችሁ፤ በየበሩ መሀል አንድ ዘመም ያለ ጭረት እያደረጋችሁ። ሰሌዳው ላይም ጻፈላቸው፦ /ትምህርትቤት/ክፍል/ተማሪ

አቋራጭም አለ። መንገዱን ትታችሁ ሁለት ጭረት አከታትላችሁ //ተማሪ ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ኮምፒውተሩ በየትኛው በር ልግባ ብሎ አይጠይቅም። ግቢውን በሙሉ ያስሳል፤ ተማሪ የሚባል የትም ይሁን የት ለቅሞ ያመጣላችኋል።

ቀጮ አቋራጩን ወደደችው። አጭር ነው፣ አሪፍ ነው፣ ሲሞክሩትም በመጀመሪያው ሠራ። አንዱ የክበቡ ልጅ «ጨረሽው እኮ!» ብሎ አጨበጨበላት። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ ትምህርት ባለቀ ቁጥር በእሷ መስመር የተለቀሙትን ተማሪዎች ከዕለቱ የስም ጥሪ ጋር ያስተያያል። ስሙ ሲጠራ «አቤት» ያላለ ካለ ለወላጁ መልእክት ይሄዳል።

በነጋታው ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ኮምፒውተር ክፍል ገባች፤ ፋይሉን ከፈተችና ወደ ታች ወረደች። ክፍሎቹ ካለቁ በኋላ መጨረሻ ላይ «የለቀቁ» የሚል አንድ ሌላ ቤት አለ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ከዕረፍት ስትመለስ የከፈተችው ነው። በውስጡ አንድ ተማሪ ብቻ ነበረች፤ በዚያ መሀል ሌላ የለቀቀ አልነበረም። ስሟ፣ የአባቷ ስም፣ የእናቷ ስልክ።

ጸሐፊዋ አልተሳሳተችም። ፍልቅልቅን ከክፍሏ አውጥታ ለብቻዋ አስቀምጣታለች። የቀጮ ሁለት ጭረቶች ግን እዚያም ድረስ ሄደው አገኟት። በየቀኑ እያወጡ ከስም ጥሪው ጋር ያስተያዩአታል፤ በየቀኑም ቀርታለች።

ቀጮ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። አላለቀሰችም። ስሟን ከነአባቷ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበችው።

መምህሩ ቦርሳውን በትከሻው እንዳንጠለጠለ ሲገባ እዚያው ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠች አገኛት። ምን ሆነሽ ነው በጠዋቱ አላት። በጣቷ አሳየችው፤ ትናንት ሱቁ ውስጥ ያየችውንም ነገረችው። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። የሚላከው መልእክት በየቀኑ ከቀሩት ተማሪዎች ቁጥር በአንድ ይበልጥብኝ ነበር፤ ስም ጥሪው ላይ ተሳስተው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። አንቺ ተማሪ ነሽ፤ ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።»

አሁኑኑ እናስተካክለዋለን አላት፤ ከዛሬ ጀምሮ አይሄድም። ለቤተሰቡ ዳይሬክተሩ ይደውሉና ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነው ብለው ይቅርታ ይጠይቃሉ። የማንንም ስም ማንሳት አያስፈልግም። ይህን ሲል ዓይኑን ከእሷ ላይ አሸሽቶ ነበር፤ ሊያድናት እንደፈለገ ገባት።

ለቅጽበት ትንፋሽ አገኘች። ኮምፒውተሩ ተሳሳተ ቢባል ማን ይመረምራል? ባንክም፣ መብራት ኃይልም፣ ሰው ሁሉ የሚለው እሱን ነው። እትዬም ያምናሉ። እሷም ለሚቀጥለው ዓመት ጉርዷን ሌላ ሰፊ ጋ ትወስዳለች።

ከዚያ ግን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ታያት። እትዬ እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አንስተው ሲጠብቁ፤ ስልኩም ዝም ሲል።

«ቲቸር፣ ሳንነካው መጀመሪያ እኔ ልንገራቸው» አለች። «ድንገት ዝም ካለባቸው...»

መምህሩ ሰዓቱን አየ። ግንባሩን አሻሸ። «የምሳ ሰዓት ላይ ሂጂ» አላት በመጨረሻ። «እስክትመለሺ እጠብቅሻለሁ።»

በምሳ ሰዓት ስትደርስ ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር፤ አንድ ወፍራም ሰውዬ የሱሪው ወገብ አልበቃኝም ብሎ ከእትዬ ጋር ይጨቃጨቃል። ቀጮ ደጅ ቆማ መንገድ ላይ ያዘጋጀችውን ንግግር ደጋገመችው። ሰውዬው ሱሪውን በፌስታል ይዞ ሲወጣና እሷ ስትገባ ከንግግሩ አንድም ቃል አልቀረላትም።

«እትዬ፣ ያ መልእክት እንዲመጣ ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለች። «ፕሮግራሙን ክበባችን ነው የሠራው። ያን መስመር የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። ላሳጥረው ብዬ ነው።»

ስለ ግቢው፣ ስለ በሮቹ፣ ስለ ሁለቱ ጭረቶች ልታስረዳቸው ጀመረች። መሀል ላይ ስትደርስ ሰበብ እየደረደረች መሆኗ ተሰማትና ዝም አለች።

እትዬ የያዙትን መቀስ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ፊታቸው ላይ ቁጣ ቢኖር ይሻላት ነበር።

«እንግዲያ ያን ቀን ጫማዬን ያስጠለቅሽኝ አንቺ ነሻ» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ።»

«ዛሬም ይመጣል?»

«አስቁሚው ካሉኝ አይመጣም።»

እትዬ ስልኩን አዩት። እጃቸው ወደሱ ሊሄድ ብሎ ተመለሰ። «አስቁሚው» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «በይ ሂጂ፤ ክፍልሽ ይረፍድብሻል።»

ቀጮ ሌላ ነገር ይላሉ ብላ በሩ ላይ ጥቂት ቆየች። አላሉም።

ስትመለስ መምህሩ ምንም ሳይጠይቃት ወንበሩን ለቀቀላት። ሁለቱን ጭረቶች አጠፋችና ሙሉውን መንገድ ከውጪው በር ጀምራ ፊደል በፊደል ጻፈችው። ከዚያ ፕሮግራሙን ሞከረችው። የተለቀሙት ተማሪዎች ቁጥር በአንድ ቀነሰ። በቃ፣ ያ ብቻ ነው፤ ድምፅም አልሰጠም። ካስተካከልኩት ቅልል ይለኛል ብላ ነበር፤ አልቀለላትም። በገዛ እጇ ጓደኛዋን ከሰው መሀል ያወጣቻት መሰላት።

«ፋይሉ ውስጥ እኮ አለች» አለ መምህሩ ከኋላዋ። «አልሰረዝናትም።»

እሱን ላለማሳዘን ራሷን ነቀነቀች።

የመጨረሻው ደወል ተደወለ። ልጆቹ እየተገፋፉ ወጥተው አለቁ፤ ቀጮ ግን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ቀረች። ሂጂ የተባለ ሰው ተመልሶ አይሄድም። ምናልባት እትዬ ዓይኗን ማየት አይፈልጉ ይሆናል፤ እውነት አላቸው። ነገ ብሄድ ይሻላል ብላ አሰበች፣ ወይም ከነገ ወዲያ፣ ትንሽ ሲበርድላቸው። ዘበኛው በሩን ልዝጋ ነው፣ ትገቢያለሽ ወይስ ትወጫለሽ አላት። ወጣች። ቦርሳዋን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ወደ ሱቁ በሚወስደው መንገድ ታጠፈች።

እትዬ የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጠዋል፤ ግን አይሰፉም። ቀና ብለው አዩአት። አልተቆጡም፣ ግቢም አላሉም።

«ሥራ ካለብዎት እሄዳለሁ» አለች ደፉ ላይ ቆማ።

እትዬ አጠገባቸው ያለውን ወንበር የሞላውን ጨርቅ አንድ በአንድ እያነሱ መሬት ላይ አስቀመጡት። ሲጨርሱ መቀመጫውን በእጃቸው ጠረግ አደረጉት። ገባችና ተቀመጠች።

ከውጪ የሆነ ልጅ ሌላውን እየተሳደበ ሲያባርረው ተሰማ፤ የብስክሌት ደወል አለፈ። እትዬ ጉልበታቸው ላይ የተጣበቀ ክር እየለቀሙ ነበር።

«የማላውቀውን ንገሪኝ» አሉ። «የማውቀውንማ ጨረስኩት። ሌሊቱን ሁሉ እሱን ነው የማመላልሰው።»

ቀጮ አሰበች። መጀመሪያ የመጡላት ሰው ሁሉ ከቀብሩ ጀምሮ ሲላቸው የከረመው ነገሮች ናቸው፤ ደግ ነበረች፣ ታዛዥ ነበረች፣ ሰው አክባሪ ነበረች። ደግ ነበረች፣ እውነት ነው። ታዛዥ ግን አልነበረችም። ከዚያ የመጣላት ሌላ ነገር ነው፤ እንኳን ለእናቷ ለማንም ላይወራ የተማማሉበት።

«ክፍል ውስጥ እርስዎን ታስመስል ነበር» አለች።

«እኔን?»

«መምህር ጀርባውን ሲሰጠን ተነስታ ከሩቅ ትለካዋለች። ከዚያ በእርስዎ ድምፅ... ይቆጡኛል፣ ልተወው።»

እትዬ ክር መልቀማቸውን አቆሙ። ዓይናቸው ሞልቷል፤ ግን ወደ እሷ ዞረው ነበር፣ በሙሉ ፊታቸው። «ምን ትላለች በእኔ ድምፅ?»

ይሄ ተቀምጦ የሚሆን አልነበረም። ቀጮ ብድግ አለች፤ ሜትሩን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፤ ፍልቅልቅ ታደርገው እንደነበረውም አንድ ዓይኗን ጨፍና አገጯን ቀና አደረገች።